የቢቸና ዓሣ አጥማጆች

ለዓሣ አጥማጅነት ሥልጠና ስመዘገብ ዓሣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የመዘገበኝ የአውራጃው ጸሐፊም አላየም። ቢቸና የምታውቀው ጤፍና ስንዴ፣ በግና በሬ ነው። ከከተማው በታች ያለው ወንዝ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ልብስ ለማጠብ እንኳ አይበቃም።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ከጨረስኩ በኋላ፣ ክረምቱ አልፎ መንገድ ሲከፈት፣ አንድ ደብዳቤ በደብረ ማርቆስ በኩል መጣ። መንግሥት ወጣቶችን አሠልጥኖ ዓሣ አስግረው የሚሸጡ ባለሙያዎች ሊያደርጋቸው ስላሰበ ከቢቸና አውራጃ አምስት፣ ከሞጣ አውራጃ አምስት ይመረጡ ይላል። ለምን እኛ እንደተመረጥን የሰማነው በኋላ ነው። ሌሎች አውራጃዎች ምርጥ ዘርና የወተት ላም ሲያገኙ የእኛው ገዥ «ከሚታደለው ልማት ሁሉ ድርሻችን ይድረሰን» ብለው አመልክተው ኖሯል። ለእኛ የደረሰን ልማት ዓሣ ሆነ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የስምንተኛ ክፍል ጨራሾችን ስም ዝርዝር ላኩ፤ ጸሐፊው ከላይ ያሉትን አምስቱን መረጠና በታይፕ አስመታ። የእኔ ስም ለወንድም ለሴትም የሚሆን ነው። ጸሐፊውም ሳይጠይቅ በአምስታችንም ፊት «አቶ» አስገባ። ደብዳቤው አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጸድቆ፣ ማኅተም አርፎበት ተመለሰ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ለብዙ ዓመት ጠላ ስትሸጥ የኖረች፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል የምታውቅ ሴት ነበረች። ወሬውን ስትሰማ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ሴት ልጅ ዓሣ ልታጠምድ ነው?»

«ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበር» አሉ አባቴ።

«ጴጥሮስ መረቡን ጥሎ ነው ጌታውን የተከተለው። ይቺ ልታነሣው ነው የምትሄደው?»

አባቴ «እኅቴ ቅኔ ቤት ገብታ ቢሆን ኖሮ እኔ ውሃ ቀጂዋ ነበርኩ» ብለው ሣቁ።

እኔ ዓሣውን አልነበረም የፈለግሁት። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያስጠጋኝ ዘመድ የለም። ቤት ከዋልኩ የሚጠብቀኝ ባል ነው። የአንድ በቅሎ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ይወራ ነበር። ለአባቴ ይህን አልነገርኳቸውም፤ «መንግሥት ስሜን ጽፎ መልሼ አልሄድም ብል ነውር አይሆንም ወይ፣ አባባ?» አልኳቸው። የገባቸው መሰለኝ። «እንግዲያው አክስትሽ ትከተልሽ» አሉ።

አሠልጣኙ ኅዳር ላይ በእህል መኪና መጡ። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ እስላም፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው ፀሐይና ጨው የበላው፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው። ሁለት ሣጥንና አንድ ትልቅ ጆንያ አስወርደው እጃቸውን ካራገፉ በኋላ ጸሐፊውን ጠየቁት።

«ባሕሩ በየት በኩል ነው?»

«የቱ ባሕር?»

«ሐይቁስ?»

«ወንዝ አለን» አለ ጸሐፊው። «ክረምት ክረምት።»

ሰውየው በጽሕፈት ቤቱ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መሬቱን ሲያዩ፣ ሰማዩን ሲያዩ፣ መልሰው መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። ኋላ ተነሡና «መንግሥት ልኮኛል። እናስተምራለን» አሉ።

በማግስቱ ከሞጣ የመጡትን አምስቱን ጨምረው የአሥራችንን ስም ጠሩ። የእኔ ተራ ሲደርስ «አቶ» ብለው ቀና አሉ፤ ቀሚሴን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ።

«አንተ ሴት ነህ» አሉኝ።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ወረቀቱ ወንድ ይላል። ወረቀቱ ማኅተም አለው። አንተ ማኅተም አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያስ ወረቀቱ ይበልጣል። ተቀመጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥልጠናው ውስጥ «አንተ» ሆንኩ። የሞጣ ልጆች ሊስቁ ሲሉ በዓይናቸው ገሠጿቸው። ሰውየው ሲቀልዱ ነው ወይስ የምራቸውን ነው የሚለውን ለብዙ ሳምንታት ማወቅ አልቻልንም።

ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ላይ በአመድ የጀልባ ቅርጽ ሣሉ። ርዝመቱ አሥር እርምጃ ይሆናል። አሥራችንን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡን፤ በእጃችን ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ዘንግ ሰጡን፤ እርሳቸው በስተኋላ ቆመው «ሳብ፣ ልቀቅ» ይላሉ። ለገበያ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያያል። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው «ወዴት ናችሁ ልጆቼ?» አሉ። ከፊቴ የተቀመጠው የሞጣ ልጅ «ወደ ሞጣ ነን አባቴ» አላቸው። «በዚህ አያያዛችሁ ለትንሣኤም አትደርሱ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከአመዱ መሥመር የወጣ ሰው ሰጠመ ማለት ነው። ይህን ሕግ አሠልጣኛችን ለማንም አያላሉትም። ይኸው የሞጣ ልጅ፣ ቀልደኛ ነበርና፣ አንድ ቀን ሽንቱ መጥቶበት ሳይጠይቅ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ «አንተ ሞተሃል። ነገ ና» አሉት። ያን ቀን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ስንቀዝፍ ሲያየን ዋለ። ስናልፍ፣ ማለትም እንደምናልፍ ስናስመስል፣ «ለእናቴ ንገሩልኝ» ይለን ነበር።

መረብ መዘርጋት የተማርነው በዛፎች መካከል ነው። ከጆንያው የወጣው የናይሎን መረብ ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። በገበያ ቀን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጥረን መረቡን ስለሚያንሳፍፈው ቡሽና ስለሚያሰምጠው እርሳስ ሲያስረዱን አንዲት ጤፍ የጫነች አህያ ከባለቤቷ አምልጣ እየሮጠች መጣችና ገባችበት። አንገቷ ተያዘ። በገፋች ቁጥር ይጠብቅባታል። እኛ ልናላቅቃት ስንሮጥ አሠልጣኛችን እጃቸውን ዘርግተው አቆሙን።

«ቆዩ። እዩ። ወደ ፊት ነው የምትገፋው። ወደ ኋላ ብትል ትወጣ ነበር። ዓሣም እንደዚሁ ነው፤ ወደ ኋላ ማለት አያውቅም።»

የአህያዋ ባለቤት ደርሶ ነበር። «ጌታዬ፣ አህያዬ ትምህርቱን ጨርሳ እንደሆነ ይልቀቁልኝ» አላቸው። ተፈታችለት። ግን ከመረቡ ላይ በር የሚያህል ቀዳዳ ትታ ሄደች።

ያን ቀዳዳ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ወንዶቹ ጣታቸው ከክሩ ጋር ሲጣላ እኔ ከልጅነቴ ስፌት የተማርኩ ስለሆንኩ ቋጠሮው በአንድ ቀን ገባኝ። ከእንጨት የተቀረጸ የመረብ መርፌ አለ፤ ክሩን በሆዱ ጠቅልሎ ይይዛል። ሦስት ቀን ሜዳው ላይ ተቀምጬ ስሠራ ዋልኩ። ስጨርስ ቀዳዳው የት እንደነበር ራሳቸው አሠልጣኙ አላገኙትም። መረቡን በእጃቸው ሲዳስሱ ቆይተው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

የቅኔ ተማሪዎች ከአባቴ ዘንድ ሲወጡ ወደ ሜዳው ጎራ ይሉ ነበር። ይስቁብን ይመስለን ነበር፤ እነርሱ ግን ለቅኔያቸው ምሥጢር ይለቅሙ ኖሯል። አባቴ ማታ ማታ እራት ላይ «ዛሬ ስምንት ተማሪ የዓሣ ቅኔ ነገረኝ። ከስምንቱ አንዱ እንኳ ዓሣ እግር እንደሌለው እርግጠኛ አልነበረም» ይሉን ነበር።

ከዚያ የሰሌዳው ነገር መጣ።

በተከራየነው ጎተራ መሰል ቤት ውስጥ አንድ ሰሌዳ ነበረን። አሠልጣኛችን ዓሣ ስለሌለ በጠመኔ ዓሣ ይሥላሉ። አንድ ቀን ዓሣ መበላሸቱ እንዴት እንደሚታወቅ አስተማሩን። ጉንጩን ገልጣችሁ ውስጡን እዩ፣ ቀይ ከሆነ ደኅና ነው፣ ከጠቆረ ተዉት፤ መበላሸት የሚጀምረው ከራሱ ነው አሉ። ያ የሞጣ ልጅ ተነሣና ከሥዕሉ ሥር በትልልቁ «ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ» ብሎ ጻፈ። አሠልጣኛችን አነበቡትና «ልክ ነው። ሁላችሁም ገልብጡ» አሉ። ገለበጥን።

በማግስቱ ጸሐፊው ሥልጠናውን ሊጎበኝ መጣ። ሰሌዳው አልተጠረገም ነበር። ጸሐፊው አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ፤ ደብተሮቻችንን አየ፤ በአሥሩም ላይ ያው ነገር ተጽፏል። በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ተማሪ ያጉረመርማል፤ በአዲስ አበባም ረብሻ አለ ይባላል። ስለ አናት የሚጻፍ ነገር ሁሉ ያስደነግጥ ነበር። ጸሐፊው ሰሌዳውን አስነሥቶ፣ ሁለት ሰው አሸክሞ፣ ወደ አውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤት ይዞት ሄደ። አሠልጣኙም ተጠሩ። እኛ ተከትለን ሄድንና ደጅ ቆምን።

ገዥው ጉዳዩ የቃል ጉዳይ ነው፣ ቃል የሚያውቅ ይምጣ አሉ። ስለዚህ አባቴ ተጠሩ። ሸማቸውን አስተካክለው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ በእርጋታ መጡ። በሩ ክፍት ስለነበረ ሁሉን ሰምቻለሁ።

«መምህር» አለ ጸሐፊው፣ «ይህ ንግግር ሰም ብቻ ነው ወይስ ወርቅ አለው?»

አባቴ ሰሌዳውን ቀረብ ብለው አዩት። ሥዕሉንም አዩ። ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ዞሩ።

«ይህን ሲያስተምሩ ስለ ምን ነበር የተናገሩት?»

«ስለ ዓሣ።»

«ከዚያስ ሌላ?»

አሠልጣኛችን አሰቡ። «ስለ ሌላ ዓሣ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታዬ» አሉ ወደ ገዥው፣ «ቅኔ እንዲሆን ተናጋሪው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። እኒህ ሰው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ከተናጋሪው በኩል ሰም ብቻ ነው። ወርቅ አለው ከተባለ ግን ወርቁን ይዞ የገባ አንባቢው ነው። መጀመሪያ ያነበበው ማን ነው?»

ገዥው ወደ ጸሐፊው አዩ። ጸሐፊው ሰሌዳውን ራሱ ተሸክሞ ይዞልን ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስንደርስ «ሰሌዳው ላይ የጻፈው ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ያ ልጅ ያለ ቦታው ነው የሚቀዝፈው። ሲመቸው ወደ እኔ ይምጣ» አሉ። ምንም አልተቆጡም።

ከጥምቀት በኋላ ለተግባር ልምምድ ወደ ሞጣ ሄድን፤ ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ነው። አክስቴ በበቅሎ ላይ ጥላዋን ዘርግታ፣ ስንቋን ከኋላ አስጭና ተከተለችን። ቁልቁለቱ ሙሉ ቀን ፈጀ። በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ሸማችንን እያወለቅን ትከሻችን ላይ ጣል አደረግን። የሞጣው ልጅ በቢቸና ሳለ «እኔ የዓባይ ልጅ ነኝ» እያለ ሲፎክር ነበር። ውሃው ድምፁ ሲሰማ ግን ከኋላ ቀረ። ኋላ እንደነገረኝ ዓባይን ያየው ከሞጣ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ እንደ ቀጭን ክር ብቻ ነው።

አሠልጣኛችን ወንዙ ዳር እንደደረስን ጫማቸውን አወለቁ። አዞ እንዳይኖር ዳሩን በደንብ ካዩ በኋላ እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ከምጽዋ ከወጡ ወዲህ ውሃ ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የያዝነው ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና አንድ የተቀደደ ጫማ ነው። አሠልጣኛችን ግራ ገባቸው። «ባሕር ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል» አሉን ማታ ላይ። «ይሄ ግን መሄድ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጠባዩን አላወቅሁትም።» እውነቱን ስለነገሩን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ወደድናቸው።

መላውን ያመጣችው አክስቴ ናት። እርሷ ሥራ የላትም፤ እኔን መጠበቅ ነው ሥራዋ። ከትልቅ ሾላ ሥር ተቀምጣ ስታየን ዋለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት አሠልጣኙን ጠራቻቸው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ጠላ ቤት ሠርተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣ እመቤቴ። እኔ አልጠጣም።»

«ለዚህ ነው። እንግዳ የሚሰበሰበው ጥላ ባለበትና የሚቀመስ ባለበት ነው። እናንተ ፀሐይ ላይ፣ ውሃው በሚሮጥበት፣ ባዶ ገበታ ዘርግታችሁ ማን ይምጣላችሁ? ትናንት ዕቃ ያጠብኩበት ጥግ ውሃው ቆሟል፤ ዛፉም ያጠላበታል። የቂጣ ፍርፋሪ ስጥል ውሃው ፈላ።»

ሄደን አየን። እውነቷን ነው። ገደሉ ላይ ካለው መንደር አንድ እንስራ የጠላ አተላ አስመጣች። ማለዳ አተላውን በዚያ ጥግ ረጨች፤ እኛ መረቡን ዙሪያውን አሰመጥን። ፀሐይዋ ከገደሉ በላይ ስትወጣ መረቡ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አሥራችንም ተያይዘን ስንስብ እኔ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ገመድ በእጅ አንጓ ላይ አይጠመጠምም፤ በቢቸና ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ተነግሮናል። እኔ ጠምጥሜው ነበር። ከመረቡ ሥር አንድ ከባድ ነገር ድንገት ወደ ውስጥ ሲስብ አብሬው ሄድኩ። ደረቴ ድረስ ገባሁ። አፌን ውሃ ሞላው፤ ከኋላዬ የአሠልጣኙን ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ልቀቂው። እጅሽን አዙሪው፣ ልቀቂው።»

አዞርኩት፤ ተፈታ። የሞጣው ልጅ መቀነቴን ይዞ ወደ ዳር ጎተተኝ። እርሱም እስከ ወገቡ ገብቶ ነበር፤ ያ ሁሉ ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንጃ። አክስቴ ስትገሥጸኝ፣ ስታደርቀኝ፣ እንደገና ስትገሥጸኝ ቆየች። አሠልጣኛችን አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«አንቺ አሉኝ እኮ» አልኳቸው፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

«ማኅተም ውሃ ሲነካው ይለቃል» አሉ። የዚያን ዕለት ነው የሚቀልዱ ሰው መሆናቸውን ያረጋገጥኩት።

ያ ከባድ ነገር አምባዛ ነበር፤ ጢም ያለው፣ ጥቁር፣ የአንድ ሕፃን ቁመት የሚያህል። ሌሎቹ ዓሦች ቅርፊታቸው የሚያብለጨልጭ መካከለኛ መካከለኛ ነበሩ። አምባዛው ቅርፊት ስለሌለው የሞጣው ልጅ «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም፤ በኦሪት ተጽፏል» አለ። ሁላችንም ከአምባዛው ራቅ አልን። ባለ ቅርፊቱን ግን አሠልጣኛችን በእንጨት ሰክተው ጠበሱት።

እዚህ ላይ አንድ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ከኅዳር ጀምሮ አብረን ስንውል ከእርሳቸው ጋር ሥጋ ቀምሰን አናውቅም፤ እኛ የእስላም እርድ አንበላም፣ እርሳቸውም የእኛን አይበሉም። ሥጋ ባለበት ቀን እርሳቸው ለብቻቸው፣ እኛ ለብቻችን። አክስቴ ዓሣውን እያየች «ይሄን ማን ባረከው?» አለች።

«ማንም አልባረከው። ዓሣ ቢላዋ አይፈልግም፤ ከውሃ ሲወጣ አለቀ።»

«እንግዲያው የማንም አይደለም» አለች አክስቴ። «የማንም ካልሆነ የሁላችንም ነው።» እንጀራዋን በሰፌድ ላይ ዘረጋች፤ መጀመሪያ ለእርሳቸው አጎረሰቻቸው። ደንግጠው አፋቸውን ከፈቱ። አጥንቱ ብዙ ነበር፤ ስንተፋ፣ ስንስቅ፣ ስንበላ ቆየን። ጣዕሙን መጀመሪያ አልወደድኩትም። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ወደድኩት።

ትኩስ ዓሣ ያን ዳገት ወጥቶ ሞጣ ሳይደርስ ይገማል። ስለዚህ ሰንጥቀን፣ በጨው አሽተን፣ በድንጋይ ላይ እያደረቅን ዐሥር ቀን ሠራን። አምባዛውም ሳይቀር ደረቀ። ዓርብ ጧት ሞጣ ገባንና ከገበያው ዳር ጆንያ ዘረጋን።

የሞጣ ሰው ክብ ሠርቶ አየን እንጂ አልገዛም። አፍንጫውን በሸማው የያዘም ነበር። ወንዶቹ አፍረው አንገታቸውን ደፉ፤ የሞጣው ልጅማ ጎረቤቶቹ እንዳያዩት ከበቅሎዋ ጀርባ ቆመ። አክስቴ ጥላዋን አጠፈችና ከጆንያው ኋላ ተቀመጠች። አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ይህ ነገር ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» ሲሏት «እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ የማውቀው ጣፋጭ መሆኑን ነው» አለቻቸው። ሌላው ሲጠይቅ ያንኑ መለሰች። ማንንም አልዋሸችም፤ ማንንም አላባረረችም።

ከረፋዱ ላይ ከጤና ጣቢያው አንድ ድሬሰር የሚሉት የሕክምና ረዳት መጣ፤ ከሐይቅ አገር ተመድቦ የመጣ። ጆንያው ጋ ሲደርስ ቆሞ ቀረ። አንዱን ደረቅ ዓሣ አንሥቶ አሸተተ፤ እንደ ደብዳቤ ነው የያዘው። «ከየት አመጣችሁት?» አለ። ከዓባይ ነው አልነው። ገዝቶ ሄዶ የመምህራኑን ቤት አንኳኳ መሰለኝ፤ ከምሳ በፊት ከሌላ አገር የመጡ አስተማሪዎች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የቴሌፎን ቤት ሠራተኛ ሁሉ ከበቡን። አምባዛውን ሁለት አስተማሪዎች ተከራክረውበት እኩል ተካፈሉት። አክስቴ ለራሷ ደብቃ ከያዘቻቸው ሁለት ዓሦች በቀር ምንም አልተረፈም።

ሁለቱን ለአባቴ ነበር የደበቀችው። ቢቸና ስንደርስ ሰፌድ ላይ አድርጌ አቀረብኩላቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ዓሣ ሲቀኙ ኖረዋል እንጂ አይተው አያውቁም። አንዱን አገላበጡት፣ ቅርፊቱን በጥፍራቸው ሞከሩት፣ ዓይኑ የነበረበትን ቀዳዳ አዩ።

«ዮናስን የዋጠው የዚህ ታላቅ ወንድም መሆን አለበት» አሉ። ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ጠርተው አንድ በአንድ አሳዩ። አልበሉትም። ለቀናት ከመጻሕፍታቸው ጎን አስቀምጠውት ድመት እስክትወስደው ድረስ ቆየ። ሌላኛውን ለጎረቤት ሰጠን።

በሥልጠናው መጨረሻ የምስክር ወረቀት ተሰጠን። የእኔ «አቶ» ይላል። ቀጥሎ ጀልባ፣ ተጨማሪ መረብና የጨው መጋዘን ይመጣል ተብሎ ነበር። ያ አልመጣም። ለአሠልጣኛችን የዝውውር ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ወደ አንድ ሐይቅ ዳር ነው። የእህሉ መኪና ላይ ሲወጡ ደስ እንዳላቸው ያስታውቃል፤ ግን ከመኪናው ላይ ሆነው ሜዳውን ደጋግመው ያዩት ነበር። የተጠገነውን መረብ ለሞጣ ልጆች፣ አንዱን የመረብ መርፌ ለእኔ ሰጡ።

የበቅሎ ነጋዴው ቤተሰብ፣ የሙሽራዋ እጅ ዓሣ ይሸታል ተብሎ ተነግሯቸው ኖሮ፣ ሽማግሌ ሳይልኩ ቀሩ። ይህን ማን እንደነገራቸው አክስቴን ብጠይቃት እንዝርቷን ማሾር ቀጠለች።

እኔን የጠቀመኝ ቋጠሮው ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የመረብ ኳስ ሜዳ አሠርተው መረብ አጥተው ነበርና አስጠሩኝ። ሠራሁላቸው። ከዚያ የግንደወይን ትምህርት ቤት አዘዘኝ፤ ከዚያ ፖሊሶቹ። በሁለተኛው ዓመት ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ እንዳስተምር በትምህርት ቤቱ ቀጠሩኝ። ባል ያገባሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እኔው መርጬ ነው።

በንግዱ የቀጠለችው አክስቴ ሆነች። በጋ ሲገባ በቅሎዋን ጭና ወደ ሞጣ ትሄዳለች፤ የሞጣው ልጅና ሁለት ጓደኞቹ ያሰግራሉ፣ እርሷ አተላ ታቀርባለች፣ ታደርቃለች፣ በየመንግሥት ሠራተኛው ቤት እየዞረች ትሸጣለች። ሦስት በጋ እንዲህ አደረገች፤ ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ እስኪላት ድረስ። ልጁም በክረምት ክረምት አባቴ ዘንድ እየመጣ ቅኔ ይማር ነበር። እራት ላይ ሦስቱ ሲቀመጡ ስለ ጨው ዋጋና ስለ ቅኔ ቤት አቀላቅለው ያወራሉ፤ አባቴ ወሬውን ቅኔ ሊያደርጉት ሲሞክሩ አክስቴ ታቋርጣቸዋለች።